ኮሪደሩ ላይ የነበረው ስልክ

በአዳማ ሙቀት የሱፍ ካፖርት የሚሸጥ ሰው አለ ብትሉኝ አላምንም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የመጋረጃ ጨርቅ ላፈላልግ ልባሽ ተራ ወርጄ ሳለ፣ አንዱ ሻጭ ከክምሩ ውስጥ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ጥቁር ካፖርት መዘዘና "ማዘር፣ ይሄ ኦሪጅናል የእንግሊዝ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ ነው የማወጣው" አለኝ። "አንተ! በዚህ ፀሐይ ይሄን ለብሼ ልቀቀልልህ?" አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ጠዋት ያካፋው ዝናብ ነክቶት ኖሮ ጨርቁ እርጥብ ብሏል። ልዳስሰው ጠጋ ስል የእርጥብ ሱፍና የናፍታሌን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ሳቄ እዚያው ቀረ። ያልተፈታ ቦንዳ ላይ ዘፍ አልኩ። ሻጩ ደንግጦ "ማዘር፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?" እያለ ውኃ ፍለጋ ሮጠ። ስኳር የለብኝም። ሌላው ሰው የድሮ ሽታ ሲሸተው ይናፍቃል፣ ይተክዛል፣ ያንጎራጉራል፤ እኔ እፈራለሁ። ሻጩ ውኃውን ይዞ እስኪመለስ እዚያው ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ መልካሳ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ቦሎቄ ላይ እሠራ ነበር፤ የትኛው ዘር ዝናብ ሲያጥር ይችላል፣ የትኛው አይችልም የሚለውን። ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪሽን ተማሪ ተብዬ እንግሊዝ አገር ተላክሁ። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ቤልቦተም ሱሪ ከፋሽን ወጥቶ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለበት ኮት የገባበት ጊዜ ነው። ከአገር ለመውጣት ዋስ የሚጠራበት፣ ከተመለሱ ደግሞ እንደገና መውጣት የማያስተማምንበት ጊዜ ነው። አዳማ ያኔ ናዝሬት ትባል ነበር፤ እኔም አሁን እንደ ሰው አዳማ ማለት ለምጃለሁ፣ ስናደድ ብቻ ናዝሬት ይለኛል አፌ። ከባቡር ጣቢያው እስከ ቤታችን ጋሪ በስሙኒ ነበር፤ ባለጋሪው ቢያዝንልኝ ከነሻንጣዬ በዚያው ዋጋ ያደርሰኛል። ፓፓያ ባሥር ሳንቲም ገዝቶ ተሸክሞ መሄድ ነበር የሚያስቸግረው። ዛሬ ባጃጁ ዋጋ ሲነግረኝ በእግሬ እሄዳለሁ እለዋለሁ፤ እግሬ ግን እሺ አይለኝም።

የተማርኩበትን ከተማ ስም ልተወው። ዝናቧ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነበር የሚመጣው። የተከራየሁት ቤት ጠባብ፣ ደረጃው የሚንቋቋ፣ ሳንቲም ካልዋጠ የማይሞቅ የጋዝ ምድጃ ያለው ነው። አከራያችን ፎቅ ላይ ከድመቷ ጋር ትኖራለች። ከታች ሁለት ክፍል አለ፤ በአንደኛው እኔ፣ በሌላኛው ጁዲ። በመካከላችን ጨለም ያለ ኮሪደር አለ፤ እዚያ ግድግዳው ላይ ጥቁር ስልክ ተሰቅሏል፣ ከስልኩ አጠገብ የጁዲ ካፖርት ተሰቅሏል። ካፖርቱ የወንድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የልባሽ ሽያጭ ላይ ከነናፍታሌን ሽታው ያገኘችው። ጥቅምት ረጥቦ እስከ ሚያዝያ አይደርቅም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አፍንጫዬ እዚያ ካፖርት ውስጥ ተቀብሮ ነው የማነሳው።

ጁዲ አሜሪካዊት ናት። ረጅም፣ ፀጉሯ ቀይ፣ ሳቋ ከጎረቤት ቤት የሚሰማ። ሦስተኛ ዲግሪዋን ልትሠራ ነው የመጣችው። ምን ልታጠና? ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝ ገዳማት የበጎቻቸውን ሱፍ ለማን ይሸጡ እንደነበር። "ጁዲ፣ አሜሪካ በግ የለም?" ብዬ ጠየቅኳት። "አለ።" "ታዲያ?" "የእኛ በጎች ከሞቱ በቂ ጊዜ አልሆናቸውም" አለችኝ። ጠዋት ምድጃው ፊት ተንበርክካ ትለብሳለች፤ ጂንስ፣ ሁለት ሹራብ፣ ነጭ ሸራ ጫማ። እናቷ ከአሜሪካ በፖስታ የምትልክላትን የኦቾሎኒ ቅቤ ዳቦ ላይ ትቀባና ግማሹን ቆማ፣ ግማሹን ብስክሌት ላይ ትበላዋለች። ቀኑን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አጥልቃ፣ እንኳን አሜሪካዊ እንግሊዝም የማያነበውን አሮጌ ጽሑፍ ታነባለች። አንድም ቀን የሙቅና የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧ ለየብቻ መሆኑን ሳትረግም ፊቷን ታጥባ አታውቅም። "አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ ያደነዝዛል፤ ይሄ ሕዝብ እንዴት ዓለምን ገዛ?" ትላለች። መንገድ ላይ ለማያውቃት ሁሉ "ሃይ!" ትላለች፤ እንግሊዞቹ አንገታቸውን ቀብረው ዝናቡን ያያሉ። አማካሪዋ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ክፍሉ ጠርቶ በትንሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ወይን ይቀዳላትና የጻፈችውን አንብቦ "ደስ የሚል ሐሳብ ነው" ይላታል። ጁዲ ስትፈነድቅ ከርማ፣ በዚያ አገር እንዲህ ከተባለ ጽሑፉ ገደል ገብቷል ማለት መሆኑን የነገራት ሰው በዓመቱ ተገኘ። ያን ቀን ምድጃው ፊት ተቀምጣ አለቀሰች። ቀና ብላ ግን "ለምን በቀጥታ አይነግረኝም?" ነበር ያለችው። በዚህ ጥያቄ ነበር የምትኖረው።

እራታችን አንድ ነው፤ የቆርቆሮ ቦሎቄ በቲማቲም፣ የተጠበሰ ዳቦ ላይ። መጀመሪያ ቀን ቆርቆሮውን ስትከፍት ወደ ውስጥ አይቼ ጮህኩ። እኔ እኮ ያቺን ነጭ ቦሎቄ አውቃታለሁ! ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ ተለቅማ፣ በጆንያ ተጭና፣ ባሕር ተሻግራ እዚህ ቆርቆሮ ትገባለች። "ይቺ የአገሬ ልጅ ናት" ብላት ጁዲ ሹካዋን አስቀምጣ ከመቀመጫዋ ተነስታ ለሳህኑ እጅ ነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት በበላን ቁጥር የመንገዱን ወሬ ታስወራኛለች። አባባ ከናዝሬት ሻሸመኔ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከወንበሩ ኋላ ያስቀምጠኛል። ካኪ ኮት ይለብሳል፤ ቢሞቅም ቁልፉን አይፈታም፣ ሹፌር ደረቱን ገልጦ አይነዳም ይላል። ቴፑ ውስጥ ያለው ካሴት በሙቀት ስለሚለጠጥ ዘፋኙ ሁሉ እንደሰከረ ድምፁን እየጎተተ ነበር የሚዘፍነው፤ እስካሁን ያንን ዘፈን በትክክል ሲዘፈን ስሰማ የተቻኮሉ ይመስለኛል። ዝዋይ ላይ ዓሣ በሲባጎ የተሰካ እንገዛለን፣ ቡልቡላ ሲደርስ ወተት የሚሸጡትን ሴቶች "አካም ጅርቱ!" ብሎ ሳያቆም አያልፍም፤ ኩየራ ያሉት ዛፎች ጥላ ሲደርስብን "ዘኑዬ፣ ደረስን" ይለኛል። አሁን በዚያ መንገድ ስሄድ መኪናው ስለሚፈጥን ከተማዎቹን እንኳ በደንብ አልለያቸውም።

አንድ እሑድ እንደ ልማዷ እናቷ ደወለችላት። ጁዲ በአንድ እጇ ዳቦ ይዛ "ኦኬ፣ ማም" ስትል ሰማሁ። ስልኩን ሰቀለች፣ ዳቦውን ገመጠች። "አያቴ ሞተ" አለችኝ።

"ምን?"

"አያቴ። ሌሊት ነው የሞተው። ሐሙስ ይቀበራል።"

"ማነው የነገረሽ?" ብዬ አልጠየቅኩም፤ እናቷ መሆኗን አይቻለሁ። የገረመኝ ሌላ ነው። "በስልክ? እንዲህ ቆመሽ? ብቻሽን?" አልኳት።

"ታዲያ በምን ይነግሩኛል?" አለችና ዳቦዋን ኪሷ ከትታ ቤተ መጻሕፍት ልትሄድ ካፖርቷን አነሳች። የምን ቤተ መጻሕፍት! ካፖርቱን ነጥቄ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኳት፣ ነጠላዬን ደረብኩላት፣ ምስር ሠርቼ በግድ አጎረስኳት። ስለ አያቷ እያወራች እስኪመሽ አለቀሰች፤ እኔም የማላውቀውን ሰውዬ አብሬ አለቀስኩለት። ሲቀልላት የእኛን አገር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እኛ ጋ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ይመካከራል፤ ሰውየው ፈተና ካለበት ይጨርስ፣ መንገድ ላይ ከሆነ ይግባ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ትውለድ ይባላል። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። ገና በሩን ስትከፍቺ ታውቂዋለሽ፤ የሚይዝሽ ሰው ግን አጠገብሽ አለ።

"እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ አንቺ ብቻ አታውቂም?"

"አዎ።"

"ዜኒ፣ ይሄ ያስፈራል" አለችኝ።

"የሚያስፈራው የእናንተ ነው! እንደ ዘይት ዋጋ ይነገራል እንዴ?" ብዬ ተቆጣኋት። ዛሬ ቢሆን አልቆጣም ነበር። ዛሬ የእኛም ሰው የእናቱን ሞት ፌስቡክ ላይ፣ ከሻማ ሥዕል ጋር ነው የሚያነበው፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ጥር ላይ ነው። የዓመቱ ትልቁ ፈተና፣ ሦስት ፕሮፌሰሮች ፊት ቀርቤ የቃል ጥያቄ የምመልስበት፣ እየደረሰ ነበር። ገና ሳይነጋጋ ኮሪደሩ ላይ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። ሩቅ፣ የሚንሿሿ መስመር። አጎቴ ሽፈራው ነው፤ የእናቴ ወንድም፣ ናዝሬት የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ከቤተሰቡ ስልክ ያለው እሱ ብቻ። በዚያ ዘመን ከአገር ቤት ባሕር ማዶ ለደስታ የሚደውል ሰው የለም፤ ድምፁን ስሰማ የካፖርቱን እጅጌ ጨበጥኩ።

"ዘነቡ፣ እንዴት ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው?"

"ደህና ነኝ። ምን ተፈጠረ?"

"ምን ይፈጠራል? ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። ፈተናሽ መቼ ነው?"

"በሚመጣው ሳምንት።"

"እሰይ፣ በርቺ። እናትሽን ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ፈተናሽን ስትጨርሺ መጥተሽ ታያታለሽ። አንቺ ብቻ ትምህርትሽ ላይ..." መስመሩ ተቋረጠ።

እናንተ የአገሬ ሰዎች ስለሆናችሁ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ትንሽ አሟት ነበር። ተሽሏታል። ፈተናሽን ጨርሺ። እያንዳንዱ ቃል መርዶ ነው። ጁዲ ስትነሳ ኮሪደሩ ወለል ላይ፣ ፊቴ ካፖርቷ ውስጥ ተቀብሮ አገኘችኝ። "እናቴ ሞታለች" አልኳት። "ኦ ዜኒ! እንዲያ አሉሽ?" "አይ። ትንሽ አሟት ነበር፣ ተሽሏታል አሉኝ።" ጁዲ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "እና... ተሽሏታል ማለት አይደለም?" አለች። ይቺን ልጅ ምን ብዬ ላስረዳት?

"ደውለሽ ጠይቂያቸው።"

"አይጠየቅም።"

"ለምን?"

ለምን ይባላል እንዴ! እናቴ ሞታ ከሆነ አጎቴ ይዋሻል፣ ይማልልኛልም። ካልሞተች ደግሞ በአፌ ሞት ጠራሁባት፣ አሟረትኩባት ማለት ነው። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ እኔ ግን ስለ እናቴ ነበር የምፈራው። ልሂድ ብል፣ ከገባሁ ማን መልሶ ያወጣኛል? ልቅር ብል፣ የእናቱን አፈር ያላየ ሰው ምን ይባላል?

እነዚያን ቀናት እንዴት አለፍኳቸው? እንግሊዞች በብርዱ ወራት ሁሉም ጥቁር ነው የሚለብሱት፤ ፀሐይ ደግሞ አርፍዳ ነው የምትወጣው። ጠዋት በሬን ስከፍት መንገዱ በሙሉ በጨለማ የሚሄድ ጥቁር ለባሽ ነው፤ ሁሉም መርዶ ሊነግረኝ የሚመጣ ይመስለኛል። ፖስተኛው ሲያንኳኳ አልጋ ሥር ገባሁ፣ እውነቴን ነው። በከተማዋ አንድ ታላቃችን ነበር፣ ጋሽ ታደሰ የሚባል፤ ከሚስቱ ጋር ይኖራል፣ የሐበሻ ችግር ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። አንድ ማለዳ ከሁለት ሐበሾች ጋር አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ አየሁት። ሦስቱም ጥቁር ለብሰዋል። ሦስቱም ዝም ብለዋል። በአቅራቢያዬ ወደነበረው የልብስ ማጠቢያ ቤት ሮጬ ገባሁና የማላውቀው ሰው ልብስ የሚሽከረከርበት ማሽን ፊት ቁጭ አልኩ። አንዲት አሮጊት "የእኔ ውድ፣ ያ የእኔ አንሶላ ነው" አለችኝ። "አውቃለሁ፣ ይቅርታ፣ ልየው ብዬ ነው" አልኳት። አሮጊቷ ቅርጫቷን ይዛ ሁለት ወንበር ራቀችኝ። አውቶቡሱ መጥቶ ሰዎቹን ይዞ ሄደ፤ ገበያ እየሄዱ ይሆናል። እኔ ግን እጄን አፌ ላይ አድርጌ አሮጊቷ ልብሷን ሰብስባ እስክትወጣ ከዚያ አልተነሳሁም።

ምግብ እምቢ አለኝ። ለፈተናው ያነበብኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ጁዲ ሁለት ቀን ቤተ መጻሕፍት ቀርታ አብራኝ ዋለች፤ እኔ ለአያቷ ኀዘን የሠራሁላትን ምስር ሽታውን ብቻ አስታውሳ ልትሠራልኝ ሞክራ አሳረረችው። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፊቴ ቆመች።

"ቁጥሩን ስጪኝ።"

"ጁዲ፣ ተይ።"

"ስሚኝ። እኔ የአገራችሁ ሰው አይደለሁም። እኔ ብጠይቅ ሟርት አይሆንም። ባለጌ አሜሪካዊት ይሉኛል፣ በቃ። ቁጥሩን ስጪኝ።"

ሰጠኋት። ከስልክ ማዞሪያዋ ሴትዮ ጋር ብዙ ተጨቃጨቀች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ጮኸች። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ይዣለሁ፤ ግን እሰማለሁ። አጎቴ መጣ። ጁዲ ስሟን እንኳ በወጉ ሳትናገር፣ "ሚስተር ሽፈራው፣ የዘነበች እናት በሕይወት አሉ ወይስ ሞተዋል?" አለችው በእንግሊዝኛ። እግዚኦ! ጣሪያው የሚወድቅ መሰለኝ። ከስልኩ ውስጥ የአጎቴ ድምፅ "ኖ! ኖ! ኖ!" ሲል እኔ ድረስ ተሰማ።

ጁዲ ዞራ አየችኝ፤ ፊቷ በራ። "በሕይወት አለች! እዚያው ቤት ናት ይላል፣ እየጠራት ነው!"

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ዘኑዬ?" አለች እናቴ። የእናቴ ድምፅ! ስልኩን ሳምኩት። ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ "እማዬ፣ አለሽልኝ? እማዬ፣ አለሽልኝ?" እያልኩ ስንት ጊዜ እንደጮህኩ። ጁዲ ከኋላዬ ስትዘል ደረጃው ይንቋቋል፣ አከራያችን ከላይ ወለሉን በመጥረጊያ ትመታለች።

"አለሁ ልጄ፣ አለሁ።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ? ሰለለ እኮ።"

"ጉንፋን ነው።"

"አጎቴ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?"

"ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው። ሰንበትበት አልኩ መሰለኝ።"

እናቴ ከቤቷ ውጭ አድራ የማታውቅ ሴት ናት። ልደት ሆነ ሠርግ፣ ሲመሽ "አባትሽ እራቱን" ብላ ተነስታ ትሄዳለች።

"አባባስ?" አልኩ።

"መንገድ ላይ ነው።"

"ሻሸመኔ?"

"አዎ፣ ሻሸመኔ።"

"ሲመለስ በአጎቴ ስልክ ይደውልልኝ በይው።"

ከኋላዋ የብዙ ሴቶች ጉርምርምታ ይሰማኛል፤ አንዷ ሌላዋን ዝም በይ ስትል። ጁዲ መዝለሏን አቆመች። አማርኛ አታውቅም፤ ፊቴን ብቻ ነው ያየችው። መጥታ ወገቤን ያዘችኝ፣ በጆሮዬም በሹክሹክታ "ጠይቂ" አለችኝ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፣ ከዚያ ወዲህም ያን ያህል አልፈራሁም። እስካልጠየቅኩ ድረስ አባባ መንገድ ላይ ነው። መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል፤ እንዲቋረጥ ተመኘሁ። አልተቋረጠም።

"እማዬ" አልኩ፣ "አባባ ሞቷል?"

እናቴ በዚያ በሰለለ ድምፅዋ፣ ቀስ ብላ፣ "ማን ነገረሽ?" አለችኝ።